ወንጌላዊት ያልጻፈችው ቃል

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት አባቶች ለጥንቃቄ እንደ ተረቱት አልጠራጠርም፤ እኔ በዕድሜዬ ያየኋቸው ሰዎች ግን አብዝተው የተጠቀሙበት ለማጎንበስ ነው። አለቃ ሲያጠፋ ዝም፣ ጎረቤት ሲበደል ዝም፣ ከዚያም ቤት ገብቶ በተረቱ መጽናናት። ስለ ወንጌላዊት ኤርጫፎ ለመጻፍ ብዕሬን ያነሣሁት የእርሷ ዝምታ ከዚህ ዘር ስላልነበረ ነው። እርሷ ዝም ስትል የሚጨነቀው ሌላው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. በጥር ወር ነው፤ ዛሬ ሐዋሳ የምንላት ከተማ በሁሉም ሰው አፍ አዋሳ በነበረችበት፣ ሠራተኛው በብስክሌትና በፈረስ ጋሪ ሥራ በሚገባበት ዘመን። ወንጌላዊት ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሆሳዕና ከአንድ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ የተወለደች፣ ሹፌር ባሏ በሻሸመኔ መንገድ መኪና ተገልብጦበት የሞተባት፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ በሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ሄራን ከምትባል አንዲት ልጇ ጋር የምትኖር ሴት ነበረች። እንጀራዋን የምታገኘው ከሐይቁ መንገድ ገባ ብሎ ከነበረ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አፍሬለት አይደለም፤ ስም የሚገባው ለሰው ነው ብዬ ነው።

በዚያ ቤት ሁሉም የሚያውቅላት አንድ ልማድ ነበራት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን፣ እርሷ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ዋርካ ትሄዳለች። ከላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንገታቸውን በክንፋቸው መካከል ቀብረው እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ይቆማሉ፤ ከታች እርሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በአሮጌ ወንበር ትቀመጣለች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ መጽሐፍ አትገልጥም። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ተቀምጣ ትነሣለች። ገቢና ወጪ ደብዳቤ የምትመዘግበው ባልደረባዋ ሙሉጌጥ በመስኮት እያየች፣ «እናንተ ሆይ፣ እዚያ ካሉት አባ ኮዳዎች የኛዋ የትኛዋ ናት?» እያለች ታስቅባት ነበር። ወንጌላዊትም ስትሰማ ትስቃለች፤ በማግስቱ ግን ወንበሯ ላይ ትገኛለች።

ይህ ልማድ አብሯት የተወለደ አልነበረም። ጸሎት በከፍተኛ ድምፅ የሚሞቅ እሳት ነው ተብላ ያደገች ሴት ነች። በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን የኳየሩ ቀዳሚ ድምፅ እርሷ ነበረች፤ ስትጸልይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እርግብ ይነሣል ይባልላት ነበር። በ1987 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንገቷ ላይ ለዓመታት ያደገውን እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲያወጡላት ሐኪሙ፣ «አርባ ቀን ድምፅ እንዳታወጪ፤ ካወጣሽ ለዘለዓለም ልታጪው ትችያለሽ» ብሎ አስጠነቀቃት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሽብር ነበር። ድምፅ የሌለውን ሰው እግዚአብሔር በምን ያውቀዋል? ጎረቤት ለመጠየቅ እየመጣ ሲያዋራት መመለስ ስለማትችል ማለዳ ማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ታቦር ጥግ ትወጣና በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ጀመር። እዚያ ያገኘችው ሰላም አልነበረም። ዝም ስትል ከውስጧ የወጣው ምስጋና ሳይሆን ክስ ነበር። በባሏ ቀብር ላይ በታላቅ ድምፅ «ፈቃድህ ይሁን» ብላ ነበር፤ እንዳላመነችበት ያወቀችው ሦስት ዓመት ቆይታ በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት እግዚአብሔር ይህን ክስ እንዳይሰማባት የምታሰማው ከበሮ ኖሯል። አሁን ከበሮው ሲቆም ክሱ ተሰማ። ለምን ወሰድህብኝ አለች በልቧ። ለምን በዚያ መታጠፊያ፣ ለምን በዚያ ዕለት አለች። ማለዳ እየወጣች ተሟገተች። ደፍራ ያልጠየቀችው አልቀረም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የምትለው አለቀባት። ተቀመጠች። ሰማይ አልተከፈተም፤ ቃልም አልመጣም። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሣ ከአሞራ ገደል የወጡት የአሣ አጥማጆች ጀልባዎች ታዩ። ሳታያቸውም እዚያው ነበሩ። ወንጌላዊት ያን ጊዜ የገባትን ነገር ለኔ ስትነግረኝ እንደ ቁም ነገር አክብዳ አልነገረችኝም፤ «የሰደብሁት ሁሉ እግዚአብሔርን ሳያባርረው ሲቀር፣ ካሁን በኋላ የሚያባርረው ምን አለ ብዬ ተነሣሁ» ነው ያለችኝ። እምነት ማለት ይህ ከሆነ፣ ከዚያ ማለዳ ጀምሮ አመነች።

አርባው ቀን አልፎ ድምፅዋ ሻክሮ ተመለሰ። እርሷ ግን ወደ ጩኸቱ አልተመለሰችም። ጉባኤው እጁን አንሥቶ ሲያስተጋባ እርሷ በኋለኛው አግዳሚ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ይህ ብዙዎችን አስጨነቀ። የኳየሩ መሪ አልአዛር ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነት ሁሉ ማስተዋል አይደለም። አንድ እሑድ ሁለት እኅቶችን አስከትሎ ወደ እርሷ መጣ።

«እኅት ወንጌላዊት፣ በጾም አስበንበታል። ይህ የዲዳነት መንፈስ ነው። እንጸልይልሽ።»

«እየተናገርሁ ዲዳ ትለኛለህ?»

«በጉባኤ ማለቴ ነው። መንፈሱ በጉባኤ ነው የሚይዝሽ።»

«አልአዛር፣ አንተ ከእናትህ ጋር ስትቀመጥ ሁልጊዜ ትጮኻለህ?»

ከእኅቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አልአዛር ግን አልሳቀም። «እንግዲያስ የኳየሩን ልብስ መልሺ» አላት። በማግስቱ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ መለሰችለት፤ በተከታዩ እሑድ ያው አግዳሚ ላይ ተገኘች። ከቤተ ክርስቲያኗ አልወጣችም፤ ያን ቦታዋንም ለማንም አልለቀቀችም። እንግዲህ በጥር 1989 ወደ ግምገማ አዳራሽ የገባችው ሴት ይህች ናት።

ግምገማን የኖረበት ያውቀዋል። ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አንዱ ይነሣና ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ሌላው ሂስ ይሰነዝርበታል፤ ተገምጋሚው ተቀበልሁ ይላል፤ የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ወደ በላይ ይላካል። ዝም ያለ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ደግሞ ወንጌላዊት ነበረች። በዚያ ወር የተያዘው ጉዳይ ለቡሹሎ አትክልት አልሚዎች የመጣ አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነበር። አልሚዎቹ ሞተራችን የት ደረሰ ብለው ሲመጡ ከመጋዘን ጠፍቶ ተገኘ። ተጠያቂው የመጋዘን ኃላፊው አቶ ጠሀ ሆኑ፤ ሃያ ዓመት በንብረት ክፍል የሠሩ፣ ነጋዴ ወንድሞቻቸው ሱቅ ሲከፍቱ እርሳቸው የመንግሥት ቁልፍ ይዘው የቀሩ የስልጤ ሰው።

እውነቱን በአዳራሹ ከነበሩት አርባ ሁለት ሰዎች መካከል የማያውቅ አልነበረም። በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሽበሺ መኪናቸውን እስከ መጋዘኑ በር ድረስ አስጠግተው ሞተሩን አስጫኑ፤ «ለአማቼ እርሻ ለሁለት ሳምንት ነው፤ ወረቀቱን ሰኞ እፈርምልሃለሁ» ብለው የአቶ ጠሀን እጅ ጨብጠው ሄዱ። ዘበኛው አይቷል፤ ሹፌሩ አይቷል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አይታለች። አቶ ጠሀ በሃያ ዓመት ውስጥ ያለ ንብረት ማውጫው ወረቀት፣ ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት፣ አንዲት ብሎን አውጥተው የማያውቁ ሰው፣ ያን ቀን አለቃን ወረቀት መጠየቅ ነውር መሰላቸውና መጨባበጡን እንደ ፊርማ ተቀበሉት። ሰኞው ሁለት ወር ሞላው። አሁን ግምገማውን የሚመሩት ያው አቶ ሽበሺ ናቸው።

«አቶ ጠሀ፣ መድረኩ የአንተ ነው» አሉ፤ በዕድሜ አሥር ዓመት የሚበልጧቸውን ሰው አንተ እያሉ።

አቶ ጠሀ ተነሡ። «ሞተሩን ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት፣ በቃል ትእዛዝ አውጥቻለሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። አልሰረቅሁም።»

«ማን አዘዘህ?»

«ያዘዘኝ ያውቃል» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሂስ ዘነበባቸው። አንዱ የጥገኝነት አመለካከት አለባቸው አለ። ሌላው ለሕዝብ ንብረት ተቆርቋሪነት ይጎድላቸዋል አለ። ሦስተኛው ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ «ሰላምታቸውም ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ ተቀመጠ። አቶ ጠሀ መስኮቱን እያዩ ዝም አሉ። ረመዳን ነበር፤ ጾመዋል። ከቀትር በኋላ ያለው የአዳራሹ ሙቀት ከንፈራቸውን አድርቆታል። አቶ ሽበሺ ከፊታቸው ካለው ጆግ ብርጭቆ ውኃ ሞልተው ወደ እርሳቸው ገፋ አደረጉ።

«ጉሮሮህ ደርቆ ከሆነ ጠጣና ተናገር እንጂ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። አቶ ጠሀ ብርጭቆውን አይተው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ወንጌላዊት በዚህ ጊዜ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሣች። ያን ዝምታ አወቀችው። የተሸነፈ ሰው ዝምታ አልነበረም፤ ጉዳዩን ከአዳራሹ በላይ ለሆነ ዳኛ ያስረከበ ሰው ዝምታ ነበር።

«ጻፊ» አሉ አቶ ሽበሺ። «ተገምጋሚው ስርቆቱን አምኖ ሂሱን ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል።»

ወንጌላዊት አቶ ጠሀ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች። ከሥሩም፣ «ተገምጋሚው ከዚህ በኋላ ዝም አለ» ብላ ጻፈች፤ መዝገቡንም ዘጋች።

በእረፍት ጊዜ አቶ ጠሀ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ለስግደት እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘቻቸው።

«አቶ ጠሀ፣ ለምን አይናገሩም? ሁሉም ያውቃል እኮ።»

«ሁሉም ካወቀ ለማን ልናገር እኅቴ?» አሉ። «አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ደጋግሜ ብምል የምሸጠው ዕቃ ይመስላል። ጌታዬ የመጀመሪያዋን ሰምቷታል።»

«ሊያስሩዎት ይችላሉ።»

«ቁልፍ የያዘ ሰው በር ይፈራል እንዴ?» አሉና ፈገግ አሉ፤ ቧንቧውን ዘግተው ግን የታጠቡትን ረስተው መልሰው ሲከፍቱት አየች። ያን ጊዜ ያላስተዋለችውን ማታ ቤቷ ገብታ አስተዋለች፤ አቶ ጠሀ ያመኑት ሳይፈሩ አልነበረም፤ እየፈሩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሽበሺ መዝገቡን አስመጥተው አነበቡና አስጠሯት። ክፉ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ለሠራተኛው ሐዘን የሚደርሱ፣ ንግግር የሚያምርላቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ ወንጌላዊት፣ ተቀምጠሽ እናውራ። አንድ መስመር አሳስተሻል።»

«የትኛውን?»

«የመጨረሻውን። ዝምታ መቀበል መሆኑን ይህን ያህል ዓመት ሠርተሽ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

«አቶ ሽበሺ፣ በሌላ ነገር ይብለጡኝ። ዝምታን ግን ከእርስዎ በተሻለ አውቀዋለሁ።»

«እዚያ ዋርካ ሥር የምትማሪው መሆኑ ነው?» ሳቅ አሉ። «እኔ ሃይማኖትሽን አልነካም። ሕገ መንግሥቱም አይፈቅድልኝም። ግን መንግሥት በቃለ ጉባኤ ነው የሚሠራው። ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤው በአዳራሹ ሲነበብ ተስተካክሎ ይነበባል። ካልተስተካከለ የዓርቡ ተገምጋሚ ማን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ሴት ልጅ አለችሽ፤ ባል የለሽም። እንደ ወንድም ነው የምመክርሽ።»

«ወንድሜ ሐሰት ጻፊ ብሎኝ አያውቅም» አለችና ተነሣች።

ሙሉጌጥ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ቀልዷ ከፊቷ ጠፍቷል።

«ወንጌ፣ ስሚኝማ። አንድ ቃል ናት። አሥራ አምስት ዓመት ስንት ሺህ ቃል ጽፈሽላቸዋል፤ ስንቱ እውነት ነበር?»

«ስንቱ እንደ ነበር አላውቅም። ይህኛው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።»

«ጠሀን እንደ ሆነ ብትጽፊም ባትጽፊም ይወስዱታል።»

«ዝም ያለ ሰው ነው ብለው ይውሰዱት እንጂ በኔ እጅ አምኗል ብለው አይወስዱትም።»

«ሄራንስ?» አለች ሙሉጌጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ወደ ዋርካው ሄደች። የሚያስደስት ነገር ልጽፍ ብፈልግ ኖሮ እንደ ተቀመጠች ሰላም ወረደላት እል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። የወረደው ላብ ነው። የሄራን የትምህርት ቤት ልብስ ታያት፤ የሁለት ክፍሉ ቤት ታያት፤ ወደ ሆሳዕና የሚመልሰው አውቶቡስ ታያት። ጩኸት አማራት። የድሮው ድምፅዋ ቢኖራት በዚያ ሰዓት አባ ኮዳዎቹን ታስነሣቸው ነበር። ዝም አለች። ፍርሃቱን ሂድ አላለችውም፤ አጠገቧ እንዳለ ተወችው። አንድ ነገር ስጠኝም አላለችም። በታቦር ድንጋይ ላይ እንዳደረገችው እዚያው መሆን ብቻ ነበር የቻለችው፤ ያ ያልተባረረው አምላክም እዚያው ነበር። ምልክት ስላልጠየቀች ምልክት አልመጣም። ስትነሣ ፍርሃቱ አብሯት ተነሣ፤ ነገር ግን ከኋላዋ ነበር የሚሄደው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። በደንቡ መሠረት ያለፈው ቃለ ጉባኤ በያዧ ይነበብና በተሰብሳቢው ይጸድቃል። ወንጌላዊት ቆማ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ አነበበች። የሦስት ሰዓቱን ሂስ ሁሉ አነበበች፤ የሰላምታውን ቅዝቃዜም አልዘለለችም። መጨረሻ ላይ፣ «ያዘዘኝ ያውቃል ብለው ተቀመጡ። ተገምጋሚው ከዚህ በኋላ ዝም አለ» ብላ መዝገቡን ዘጋች።

«ማስተካከያ አለ» አሉ አቶ ሽበሺ በእርጋታ። «ስርቆቱን አምኖ ሂሱን ተቀብሏል በሚለው ይተካ። ጻፊ።»

ወንጌላዊት ብዕሯን በመዝገቡ ላይ አጋድማ አስቀመጠች። ተቀምጣም እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ልክ እንደ ዋርካው ሥር።

«ወይዘሮ ወንጌላዊት፣ ጻፊ እያልሁ ነው።»

«አላሉትም፤ አልጽፈውም» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

እንዲህ ያለ ዝምታ በግምገማ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ለሁሉም ነገር ቃል የነበረው ቤት ለዚህ ቃል አጣለት። አቶ ሽበሺ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ብርጭቆውን አንሥተው ሳይጠጡ አስቀመጡት። ጥሩ አንደበት ያለው ሰው ትልቁ ስሕተቱ በአንደበቱ መተማመኑ ነው። እርሳቸውም ያን ቀን ተሳሳቱ፤ እንደ ተለመደው «ተቃውሞ ከሌለ እናልፋለን» ቢሉ ማንም ትንፍሽ ሳይል ያልፍ ነበር። ነገር ግን አንዲት መበለት በአደባባይ እንቢ ስላለቻቸው በአደባባይ ሊረቷት ፈለጉ።

«ቤቱ ይወስን» አሉ። «አቶ ጠሀ ሂሱን ተቀብሏል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ደፋሮች ስለ ነበሩ አይደለም። ዘበኛው ወደ ሹፌሩ አየ፤ ሹፌሩ ወደ ጫማው አየ። ቀዝቃዛ ሰላምታ ብሎ የነበረው ሰው እጁን እስከ ደረቱ አንሥቶ አገጩን አሻሸበት። በዝምታ ሐሰትን ማሳለፍ የለመደ እጅ፣ ለሐሰት በራሱ ተነሥ ሲባል ከበደው። አቶ ጠሀ መስኮቱን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

ወንጌላዊት ብዕሯን አነሣች። አቶ ሽበሺ ማስተካከያውን ልትጽፍ መስሏቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ሰብሳቢው አቶ ጠሀ ሂሱን ተቀብሏል የምትሉ እጅ አውጡ ብለው ጠየቁ። ቤቱ ዝም አለ» ብላ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው። ከኋላ ወንበር የሙሉጌጥ ድምፅ፣ «እንግዲህ ይህም መቀበል ከሆነ ምን እንደ ተቀበልን ይብራራልን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ስብሰባውም አብሮት ተበተነ።

ቃለ ጉባኤው እንደ ተጻፈ ሄደ። የእምነት ቃል ስለሌለበት አቶ ጠሀን የሚወስድ ፖሊስ አልመጣም፤ «ያዘዘኝ ያውቃል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከበላይ አንድ ሰው በቀይ ቀለም አስምሮበት መለሰው። በየካቲት ወር አንድ ቀን ማለዳ ሞተሩ ጭቃ እንደ ለበሰ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ተቀምጦ ተገኘ። አቶ ጠሀ ያለ ወረቀት አልረከብም ብለው ሦስት ቀን በፀሐይ ላይ አቆሙት፤ ወረቀቱ ተፈርሞ ከመጣ በኋላ ነው ያስገቡት። ይህም ያ ሰኞ በመጨረሻ መምጣቱ ነው።

ወንጌላዊት በዓርቡ ግምገማ ተገመገመች። የአመለካከት ችግር፣ የሥራ ሰዓት ባይሆንም በግቢ ውስጥ ያልተለመደ አቀማመጥ፣ ግትርነት ተባለባት። ግትርነቱን ተቀበለች፤ ሌላውን አልተቀበለችም። በሳምንቱ፣ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደርሷት ወደ ቡሹሎ የችግኝ ጣቢያ የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆና ተዛወረች። ደረጃዋ ዝቅ አለ። ሄራን በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ልብስ ሳይቀየርላት ቀረ፤ እጅጌው ተቀጥሎ ነው የጨረሰችው። ይህ ዋጋ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር እጅጌ ቀጥሎ አያውቅም።

ወንጌላዊት ግን አቤቱታ አላስገባችም። ማለዳ በጋሪ፣ ጋሪው ሲታጣ በእግሯ ቡሹሎ ትሄዳለች። እዚያ በችግኞቹ መደብ መጨረሻ፣ ከሐይቁ ትይዩ አንድ ጉቶ አገኘች። ሞተሩ በመጨረሻ ተተክሎ በአልሚዎቹ ማሳ ውስጥ ሲያጓራ ከጉቶው ላይ ይሰማ ነበር። «ያ ጩኸት ብቻ ጸሎቴን አውኮብኝ አያውቅም» ብላኛለች።

በነሐሴ ላይ መልእክት መጣ። መዝገብ ቤቱ ተበጥብጧል፤ ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቷል፤ እርሷ ከሄደች ወዲህ ደብዳቤ የሚያገኘው የለም። አቶ ሽበሺ አንድ ገጽ ግለ ሂስ ጽፋ ከላከች ወደ ቦታዋና ወደ ደረጃዋ እንደምትመለስ በሹፌሩ በኩል አስነገሯት። ሹፌሩ ንጹሕ ወረቀትም ይዞላት መጥቶ ነበር።

«ብቻ የሆነ ነገር ጻፊበት፣ እታባ» አላት። «እሳቸው ራሳቸው አያነቡትም።»

«ቆየኝ» አለችው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ጉቶው ሄደች። ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። ተመለሰችና ወረቀቱን በፖስታ አሽጋ ሰጠችው።

ፖስታው በሙሉጌጥ እጅ ተከፈተ። በወረቀቱ ላይ አንድም ፊደል አልነበረበትም። ፊርማም አልነበረበትም፤ አሥራ አምስት ዓመት መዝገብ የያዘች ሴት ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርምም። ሙሉጌጥ ወደ አቶ ሽበሺ አስገባችው። እርሳቸውም ገልብጠው አዩት፤ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፤ በመጨረሻም ወደ ችግኝ ጣቢያው ስልክ ደወሉ።

«ወይዘሮ ወንጌላዊት፣ ምንም አልጻፍሽበትም እኮ።»

«ያለኝን ሁሉ ነው የላክሁት፣ አቶ ሽበሺ።»

ስልኩን ዘጉ። ሙሉጌጥ ወረቀቱን ተቀብላ፣ የመዝገብ ቤት ደንብ የገባውን ሁሉ መዝግብ ስለሚል፣ የገቢ ማኅተም መታችበት፤ ቁጥርና ቀን ሰጠችው። በወንጌላዊት የግል ማኅደር ውስጥም አስቀመጠችው። ማውጫው ላይ «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ ሥር ምን ልጻፍ ብላ ለጥቂት አሰበችና እንደ ነበረ ባዶውን ተወችው።